ብርቱካናማዋ ክንፍ

የወንድሜ ዓይን መድከሙን ከማንም ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ። ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው! እሱ አልነገረኝም፣ ሐኪም አልነገረኝም። የነገረችኝ ጣት የማታህል የዓሣ ጫጩት ናት።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። እኔና ታላቅ ወንድሜ የምንሠራው የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ውስጥ፣ መለያ ክፍል ነው። ጣቢያው የሚያራባው ለገበያ አይደለም፤ በመንጠቆ እየያዙ ለሚዝናኑ ሰዎች ነው። ጫጩቶቹ ትንሽ ጠንከር ሲሉ በመኪና ተጭነው ሐይቅ ይለቀቃሉ። ትራውት ከሚባለው ዓሣ ሁለት ዓይነት አለን፤ ቀስተ ደመናና ቡናማ። ሲያድጉ ማንም ይለያቸዋል። ጫጩት ሳሉ ግን የአንድ እናት ልጆች ነው የሚመስሉት። የሁለቱም ጎን ላይ፣ ሰው ጥቀርሻ በነካ ጣቱ ተራ በተራ የተጫናቸው የሚመስል ጥቁር ጥቁር ምልክት አለ። እኛም "ጣቶች" እንለዋለን። ውሃው የሚመጣው በአንድ ቦይ ስለሆነ በወንፊቱ እየሾለኩ ሁሌ ይቀላቀላሉ። ቡናማው ደግሞ አመሉ አይጣል ነው! ከቀስተ ደመናዎቹ ጋር ከተለቀቀ፣ ትንሽ ፈርጠም ሲል ጎረቤቶቹን እየዋጠ ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ መለየት አለበት። ያ ሰው እኔና ወንድሜ ነን።

ሥራውን ያስገባኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ አንዷን በትንሿ መረብ ይዞ ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረጋትና "ጣቶቹን አትቁጠሪ፣ እታለም" አለኝ። "ጣት ያሳስታል። ከጀርባዋ ትልቅ ክንፍ በኋላ፣ ጅራቷ ጋ ልትደርሺ ስትይ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ክንፍ አለች። እሷን እያት። ጫፏ ብርቱካናማ ከሆነ ቡናማ ትራውት ናት። ጥቁር ጠርዝ ብቻ ካላት ቀስተ ደመና ናት። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ቀስ ብለሽ ብቻ።" ቀስ ማለት ይወዳል። ሠራተኛው በሙሉ "ጋሽ ቀስ" ነው የሚለው። እኔን "ሳይረን" ይሉኛል፤ ለምን እንደሆነ ግቢው በር ላይ የቆመ መንገደኛ እንኳ ሊነግራችሁ ይችላል።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ረጅም የሲሚንቶ ጠረጴዛ፣ በላዩ ቀን ሙሉ የሚፈስ ውሃ፣ በመስኮቱ ትይዩ ሁለት በርጩማ። ከኋላችን ግድግዳውን ተደግፎ ውሃ የሚያልፍበት ገንዳ አለ፤ እሱ ውስጥ አራት የማቆያ ሣጥኖች ተደርድረዋል። አንድና ሁለት የወንድሜ፣ ሦስትና አራት የኔ። አንድና ሦስት ለቡናማ፣ ሁለትና አራት ለቀስተ ደመና። የለየናቸው ጫጩቶች በየአሥራ አምስት ቀኑ መኪናው እስኪመጣ እዚያ ይቆያሉ። መኪናው ሲጭን ሹፌሩ የሣጥኑን ቁጥር ይጽፋል። አንድ ሕግም አለን። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ግን አይስተውም፤ የሰው ሣጥን አይነካም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የዚያ ሰው ዓይን ነውና፣ እጅህን አስገብተህ ካማሰልከው ሰውየውን አላምንህም ማለትህ ነው።

እኔ ይህን ሕግ ጣስኩት። ለምን እንደሆነ ስሙኝ።

አንድ ጠዋት ባልዲ ይዤ ሳልፍ ዓይኔ ድንገት ቁጥር አንድ ሣጥን ላይ ዐረፈ። አንዲት ጫጩት ጎኗን ሰጥታኝ ቆማለች። ትንሿ ክንፏ ላይ የብርቱካናማ ዘር የለም! ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሌላም አለች። በመረቤ ጨለፍ ባደርግ አራት ሆኑ፣ አምስት ሆኑ። የወንድሜ የቡናማ ሣጥን ውስጥ ቀስተ ደመና ሞልቷል! ይኼ ሰው እኮ ጫጩት ሲለይ በሕልሙ እንኳ የማይሳሳት ሰው ነው። ዓይኑ ከድቶታል ማለት ነው። ዕድሜው ስልሳን ካለፈ ቆየ፤ ምን ይደረግ።

ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። ያኔ እኔ ዕቃዬን ጠቅልዬ ሁለት ክፍል ቤቱ ገባሁ፤ ባል እንደሆነ ከፈታሁት ቆይቻለሁ፣ የሚጠብቀኝም ሰው አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ያየሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ከአልጋው አይነሣም፤ ሰኞ ሲሆን ግን ተላጭቶ፣ ጫማውን ጠርጎ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያ ጠረጴዛ ነው ያቆመው። ዓይኑ እንደደከመ ከተሰማ መኖ መጋዘን ይወረውሩታል፤ መስኮት በሌለው ክፍል ከረጢት ሲመዝን ሊውል ነው። ያን ሰው ከጠረጴዛው ማንሣት እኮ መግደል ነው! ምን ቆርጦኝ!

ስለዚህ ወሰንኩ። በምሳ ሰዓት እሱ ወደ ሠራተኞች ክበብ ሲወጣ እኔ "ትንሽ ቀርቶኛል፣ ሂድ፣ እመጣለሁ" እለዋለሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ከቁጥር አንድ ሣጥኑ የተሳሳቱትን እየለቀምኩ ወደ ቁጥር ሁለት አዛውራለሁ። አምስት ወር ሙሉ! ምሳዬን ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ነው የበላሁት፤ ግን አንድም ቀን አላማረርኩም። ማማረር የጀመርኩት በሌላ ነገር ነው። አምፖሎቹን ርካሽ ገዝተው ክፍሉን አጨለሙት። መስኮቱን የሚያጸዳው ልጅ ሰነፍ ነው። "ይኼ ብርሃን ነው እንዴ? ጭጋግ እኮ ነው!" ብዬ ሦስት ጊዜ ጥገና ክፍል ድረስ ሄጄ ጮኼባቸዋለሁ። የወንድሜ ዓይን ያንሰዋል ወይ፣ ብርሃንም ሊነፍጉት?

ቤትም ሥራዬ አላቆመም። ካሮት ለዓይን ጥሩ ነው ሲባል ሰምቼ በሾርባ አድርጌ፣ ጥሬውን ከትፌ፣ ጨምቄ ሰጠሁት፤ ወንድሜ ሰው ሳይሆን ጥንቸል ሊሆን ምንም አልቀረውም። አንድ ቀን ደግሞ ልፈትነው ብዬ መርፌና ክር አቀበልኩት።

"ወንድም ጋሼ፣ በሞቴ ይቺን አስገባልኝ።"

ክሩን በምላሱ ነካ አድርጎ በአንድ ጊዜ አሾለከውና መለሰልኝ። ቀና ብሎም ትኩር ብሎ አየኝ። ዕድል ነው አልኩ በልቤ። የቅርቡን ያያል ማለት ነው፤ የጠፋበት ቀለም ነው። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከኔ ቀድሞ ከቤት መውጣት አመጣ። እንቅልፍ አጥቶ ነው ብዬ አንጀቴን በላው።

አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጇ ሁለታችንንም ቢሮዋ ጠራችን። ልጅ ናት፤ እኔ እዚህ ስቀጠር ገና ድክ ድክ ትል ይሆናል። ጨዋ ግን ናት፣ ታላቅ ታከብራለች።

"ጋሼ ይቀመጡ። እትዬ፣ እርስዎም" አለችና ወረቀት አወጣች። "የሐይቁ ማኅበር ሰዎች አቤቱታ ልከዋል። ቀስተ ደመና ብለን ከላክንላቸው ውስጥ ቡናማ ተገኝቷል። አንድ ሁለት ቢሆን ባልከፋ። ሌሎቹን በልተው ግማሽ አድርሰዋቸዋል።"

"የየትኛው ሣጥን ነው?" አለ ወንድሜ።

ወረቀቱን አየች፤ ቀና ብላ እሱን ማየት ግን ከበዳት። "ቁጥር ሁለት።"

ደሜ ፈላ። "ወንፊቱ ነው!" አልኩ። "መኪናው ላይ ተቀላቅሎ ነው! ያ ሹፌር እንደሆን ወሬ እያወራ..."

"እትዬ" አለች ልጅቷ በለሆሳስ፣ "የእርስዎ ቁጥር አራት በዚያው መኪና፣ በዚያው ቀን ነው የሄደው። አንድ እንኳ አልተገኘበትም።"

አሁን እንኳን ደስ ያለሽ ልባል ወይስ ላልቅስ? ወንድሜ እጆቹን ጭኖቹ ላይ አድርጎ እነሱኑ ያያል።

ልጅቷ ቀጠለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከውጭ ባለሙያ ይመጣል፤ መቶ ጫጩት በመቶ ኩባያ ይቀርባል፤ ሁለታችንም ተራ በተራ እንለያለን። ከአምስት በላይ የተሳሳተ ከጠረጴዛው ይነሣና መኖ መጋዘን ይመደባል። "ደስ ብሎኝ አይደለም" አለች። አመንኳት፤ ፊቷ ላይ ይታያል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓት ሥራዬን አጠበቅኩት። አሁን ቁጥር አንድን ብቻ ሳይሆን ቁጥር ሁለትንም ማበጠር ጀመርኩ፤ እሱ ውስጥ ያስገባቸውን ቡናማዎች ፍለጋ። አንድም አላገኘሁም። ሁሉም ቀስተ ደመና ናቸው! ታዲያ የሐይቁ ሰዎች ያሉት ቡናማ ከየት መጣ? ወንፊቱ ነው ብዬ ነበር፤ ወንፊቱ ነው አልኩና ወንፊቱን የሠራውን ሰው ረገምኩት።

ወንድሜ በዓይኔ ሥር ቀለጠ። አንዷን ጫጩት ሦስት ጊዜ ያገላብጣል። ወደ መስኮቱ ይወስዳታል፣ ይመልሳታል፣ መልሶ ይወስዳታል። እሱ ቀስ ቢልም እጁ ተጠራጥሮ አያውቅም ነበር። እህል አስጠላው። አንድ ቀን ዕቃ እያጠብኩ ከኋላዬ መጣና፣ "እታለም፣ ሰው ዓይኑ እየጠፋ ሲሄድ ለራሱ ይታወቀዋል?" አለኝ።

"ምን ዝባዝንኬ ነው የምታወራው!" ብዬ ጮኽኩበት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ እስኪበቃኝ አለቀስኩ።

የፈተናው ዋዜማ ከሥራ ስንመለስ፣ በቦዩ ዳር በምናቋርጥበት መንገድ ላይ፣ ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። ነገ እንዲሁ ለብቻው ቢቀርብ ሊዋረድ ነው። ዘዴ ፈጥሬለታለሁ፤ ዘዴው እንዲሠራ ግን መናገር አለብኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ አትቆጣ" አልኩት። "ዓይንህ እንደደከመ አውቃለሁ። ካወቅኩ አምስት ወር ሆነኝ። ሣጥንህን ነክቻለሁ፤ በምሳ ሰዓት የተሳሳትከውን ሳስተካክልልህ ነው የኖርኩት። ነገም አልተውህም። አንተ ስትፈተን እኔ አጠገብህ ቆሜ እስላለሁ። አንዴ ከሳልኩ ቡናማ ነው፤ ሁለቴ ከሳልኩ ቀስተ ደመና። ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ፤ ማን ይጠረጥራል?"

ወንድሜ እርምጃውን ገታ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እንግዳ ነገር ጠየቀኝ።

"ከየትኛው ሣጥን ወደ የትኛው ነው ያዛወርሽው?"

"ከአንድ ወደ ሁለት ነዋ! ቀስተ ደመናዎቹን ቡናማው ውስጥ ስትከታቸው፣ እኔ እያወጣሁ ወደ ቦታቸው።"

"ሁልጊዜ ከአንድ ወደ ሁለት?"

"ሁልጊዜ።"

"አንድ ቀን እንኳ ከሁለት ወደ አንድ አልመለስሽም?"

"አንድም ቀን። ምን ያደርግልሃል ይኼ አሁን?"

የቦዩ ግንብ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና ትከሻው መርገፍገፍ ጀመረ። ሚስቱ ስትቀበር እንኳ በሰው ፊት ያላለቀሰ ሰው! እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ጀርባውን እያሻሸሁ አብሬው ተነፋረቅኩ። "አይዞህ፣ እኔ እያለሁልህ" አልኩት። እጁን ከፊቱ አነሣ። ዓይኑ ረጥቧል፤ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላየሁት መልክ ነበረው፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው። እያየኝ መልሶ ሲከፋው ደግሞ ታወቀኝ።

"አይዞሽ" አለኝ እሱም።

እኔ ምን ሆንኩና ነው አይዞሽ የሚለኝ? ግራ ገብቶት ነው አልኩና አለፍኩት።

በማግስቱ ባለሙያው መጣ፤ መነጽር ያደረገ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። መቶ ነጭ ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የእያንዳንዱ ኩባያ ሥር መልሱ ተጽፎበታል። ጫጩቷን በመረብ ታወጣላችሁ፣ ታያላችሁ፣ ቡናማውን ወደ ግራ ባልዲ፣ ቀስተ ደመናውን ወደ ቀኝ።

"እትዬ ይቅደሙ" አለች ሥራ አስኪያጇ።

እኔስ ቶሎ ጨርሼ ለወንድሜ ለመድረስ ቸኩያለሁ። በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ መረብ ላለቅልቅ ብሎ፣ ከትከሻዬ ኋላ፣ ክንዴ በሚደርስበት ርቀት ቧንቧው ጋ ቆመ።

የመጀመሪያዋን አወጣሁ። ቀስተ ደመና። እጄን ወደ ቀኝ ስዘረጋ ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። አንዴ ብቻ። ትናንት ብርድ መታው፣ የቦዩ ዳር ነፋስ ነው ብዬ ወደ ቀኝ ለቀቅኳት።

ሁለተኛዋም ቀስተ ደመና። ሁለቴ ሳለ። ይኼ ሰውዬ ምን ነካው? የምስለው በሱ ተራ ነው እኮ፣ በኔ ተራ አይደለም! የነገርኩትን ገልብጦ ሰምቶታል።

ሦስተኛዋ ቀስተ ደመና ናት። አንዴ ሳለ።

አሁን ተናደድኩ። ጭራሽ ተሳስቶ ሊያሳስተኝ ነው! ዘወር ብዬ ልገላምጠው አልኩ። ገላምጬውም ነበር፤ ግን የሱ ዓይን ከኔ ጋር አልገጠመም። የሚያየው መረቤ ውስጥ ያለችውን ጫጩት ነው። ለማየት የሚጥር ሰው አይመስልም። ግንባሩ አልተኮሳተረም፣ አንገቱ አልተሰገገም። ተራ ነገር እንደሚያይ ሰው፣ ዝም ብሎ ያያታል።

መልሼ ጫጩቷን አየሁ። ወደ መስኮቱ አዘነበልኳት። ጣቶቹ አሉ። ትንሿ ክንፍም አለች። ጫፏ አመድ ነው። ዓይኔን አጠበብኩ፣ አሰፋሁ፣ አንዱን ጨፍኜ በሌላው አየሁ። አመድ ነው። ከአንድ ወደ ሁለት። ሁልጊዜ ከአንድ ወደ ሁለት።

"ወንድም ጋሼ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ "የዚች ክንፍ ጫፏ ምን ዓይነት ነው?"

"እትዬ፣ መነጋገር አይፈቀድም" አለች ልጅቷ።

"ስሚኝ ልጄ፣ ፈተናው አልቋል። ወንድም ጋሼ፣ እየጠየቅኩህ ነው!"

ለመመለስ ጊዜ ወሰደበት። መዋሸት ይችል እንደሆነ እየሞከረ ይመስለኛል፤ አያውቅበትም። "ብርቱካናማ ናት፣ እታለም" አለ።

"ፈዘዝ ያለች ናት?"

"የለም" አለ። "ደማቅ ናት።"

ባለሙያው ኩባያውን ገለበጠው። ቡናማ ይላል።

ጫጩቷ እንዳትሞትብኝ ወደ ኩባያዋ መለስኳት። ከዚያ ተነሣሁና ሁሉንም ተናገርኩ። ከቁጥር አንድ ሣጥኑ ንጹሕ ቡናማዎቹን እየለቀምኩ ወደ ቁጥር ሁለት የጨመርኩት እኔ ነኝ አልኩ። የሐይቁን ዓሣ ያስፈጀሁት እኔ ነኝ። የሰው ሣጥን ነክቻለሁ። ወንድሜ አንዲትም አልተሳሳተም። ስናገር ድምፄ ክፍሉን ሞላው፤ ዝግ ላድርገው ብል እምቢ አለኝ። ሥራ አስኪያጇ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወለሉን ታያለች። "የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፣ እትዬ" አለችኝ በመጨረሻ። "የሚነሣ ነገር ነው። ሐኪም ይይዎት። እስከዚያ ግን..." መጨረስ አቃታት።

"እስከዚያ መጋዘን እገባለሁ" አልኩ። "ደንቡ ደንብ ነው። አሁን እሱን ፈትኑት።"

ፈተኑት። መቶ ከመቶ። ባለሙያው የመጨረሻውን ኩባያ ገልብጦ ካየ በኋላ ተነሥቶ ወንድሜን ጨበጠው።

ከክፍሉ ስንወጣ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፀሐይ ነበር። ፀሐዩም ለካ ቢጫና ድፍርስ ሆኖ ነው የኖረብኝ፤ እኔ አምፖልና መስኮት ስረግም።

"ስለ ዓይኔ ያወቅኸው መቼ ነው?" አልኩት።

"መርፌዋን የሰጠሽኝ ቀን።"

"እኔ እኮ አንተን ልፈትን ብዬ ነው የሰጠሁህ!"

"እኔ ደግሞ ማስገባት አቅቷት፣ መናገሩን አፍራ ነው አልኩ። በማግስቱ ማልጄ ገብቼ ሣጥንሽን አየሁ። ቁጥር አራት ውስጥ ቡናማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አንቺ ሳትመጪ አጠራልሽ ነበር።"

ለካ ቁጥር አራት ንጹሕ የሆነው ለዚህ ነው! እኔ ቀን የሱን ሳበላሽ፣ እሱ ጠዋት የኔን ሲያጸዳ። ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ፤ እሱም ሳቀ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ከሌላው ተደብቀን፣ የማይነካ ሣጥን ስንነካካ! ሳቁ አላለቀም፣ ግን መሃል ላይ አንድ ነገር መጣብኝና አቆምኩ።

"አቤቱታው ከመጣ በኋላስ? ያ ሦስት ሳምንት?"

መሬት መሬት አየ። "የራሴንም ሣጥን ማየት ጀመርኩ። ጠዋት ቁጥር ሁለትን ስከፍት ቡናማ አገኛለሁ። በየቀኑ። አወጣቸዋለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ አሉ። የሰው ሣጥን የሚነካ የለም። እኔ ነኝ ማለት ነው አልኩ። ጠዋት እያየሁ ቀን የሚሰወርብኝ። አእምሮዬም ጭምር ነው የሚሄደው ብዬ ፈራሁ።"

ምነው አፈር በሆንኩ! የዚህን ሰው ዓይን አድናለሁ ብዬ፣ በገዛ እጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኑን ነሥቼው ኖርኩ። ዕቃ ሳጥብ ከኋላዬ ቆሞ የጠየቀኝ ትዝ አለኝ፤ የመለስኩለትም ትዝ አለኝ። እጁን ያዝኩት። ይቅርታ ማለት አላውቅበትም፤ ያን ቀን ግን አልኩ፣ ደጋግሜ አልኩ።

"ተይ እንግዲህ" አለኝ።

"ከጠረጴዛው ትነሣለህ ብዬ እኮ ነው። መጋዘን ከገባህ ትሞትብኛለህ ብዬ። አንተም የፈራኸው እሱን ነው አይደል?"

"መጋዘኑን?" አለ፣ የገረመው ይመስላል። "መኖ መመዘን ምን አለው? አንድ ቀን መውረዴ አይቀር። እኔስ የፈራሁት፣ የኔ ዓይን ከሄደ ያንቺን ሣጥን ማን ያጠራልሻል ብዬ ነው። ያገኙብሻል። አንቺ ደግሞ አታምኚም፤ ትጮኺባቸዋለሽ፣ ያዋርዱሻል። እሱን እያሰብኩ ነው እህል እምቢ ያለኝ።"

አምስት ወር ሙሉ፣ ከሁለታችን ለሌላው የሚጨነቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።